ምዕራፍ ሰባት፦ ስለማይነሣ ሞተር ብስክሌትና ስለ ባትሪው ጠባይ

በሞተር ብስክሌት ላይ ከሚሰጡት ፍርዶች ሁሉ በችኰላ የሚፈረደው፥ ይግባኝም የማይባልበት፥ «ባትሪው ሞቷል» የሚለው ነው። ባለቤቱ ማለዳ ቁልፉን ያዞራል፥ ማስነሻውንም ይጫናል፤ ሞተሩ እንደ ልማዱ በመነሣት ፈንታ ጭጭ ሲል፥ ወይም ከኮርቻው ሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ሲሰማ፥ በዙሪያው የቆመ ሁሉ፥ መካኒክም ይሁን አላፊ አግዳሚ፥ ያንኑ ፍርድ ያለ ምርመራ ይደግማል፤ ባለቤቱም ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አዲሱም ባትሪ ጥቂት ሳምንታት ካገለገለ በኋላ የቀዳሚው ዕጣ ይደርሰዋል። እንግዲህ በዚህ ምዕራፍ ልናስረዳ የምንወደው ይህን ነው፤ ባትሪ ዕድሜውን ፈጽሞ የሚሞትበት ጊዜ መኖሩ እርግጥ ቢሆንም፥ ያለ ጊዜው የሞተ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ አለውና፥ ገዳዩ ሳይታወቅ ሟቹን አንሥቶ ሌላውን በቦታው መተካት ለዚያው ገዳይ ሁለተኛ ሰለባ ማቅረብ ነው።

የባትሪን ጠባይ ለመረዳት ከጥንቱ መነሣት ይበጃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ የተፈጥሮ መርማሪ ሁለት ስስ የእርሳስ ሰሌዳዎችን፥ እንዳይነካኩ በመካከላቸው መለያ አግብቶ፥ አንድ ላይ ጠቀለላቸውና ውሃ በተቀላቀለበት የሰልፈር አሲድ ውስጥ ነከራቸው፤ ከሌላ ምንጭም የኤሌክትሪክ ኀይል በሰጣቸው ጊዜ ተቀብለው ሲያኖሩ፥ በጠየቃቸው ጊዜ መልሰው ሲሰጡ፥ ባለቀባቸውም ጊዜ ዳግመኛ ሲቀበሉ ተመለከተ። ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 ዓ.ም. የፈጠራውን ሥራ ለዓለም ካስታወቀ ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዎች የሚያውቋቸው ባትሪዎች በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር አገልግሎ ሲያልቅ አዲስ ንጥረ ነገር ካልተጨመረላቸው በቀር የማይጠቅሙ ስለ ነበሩ፥ የፕላንቴ ግኝት ታላቅ ነበር። ይህ ሰው (ነገሩ ከጉዳያችን ትንሽ ቢርቅም) ገና በወጣትነቱ በፓሪስ አጠገብ የአንድ ግዙፍ የጥንት ወፍ ዐፅም ቅሪት አግኝቶ ስለ ነበር፥ ወፉ በእርሱ ስም ጋስቶርኒስ ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ካሚይ ፎር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ የእርሳስ ኦክሳይድን አላቁጦ በሰሌዳዎቹ ላይ በመለሰን ሰሌዳዎቹ ከበፊቱ እጅግ የበዛ ኀይል እንዲይዙ አደረገ። ዛሬ ከኮርቻ በታች ተሸጉጦ የሚቀመጠው ትንሽ ሣጥን፥ ልባሱ ፕላስቲክ ሆኖ መልኩ ቢያምርም፥ በባሕርዩ የእነዚሁ የሁለቱ ሰዎች ሥራ ነው።

ሣጥኑ በውስጡ በስድስት ክፍሎች የተለየ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ክፍል ሙሉ በሆነ ጊዜ ከ2.1 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ኀይል ስላለው፥ ስድስቱ ተያይዘው በተለምዶ ባለ 12 ቮልት የምንለውን ባትሪ ይሆናሉ። በየክፍሉ ያሉት ሰሌዳዎች ሁለት ወገን ናቸው፤ በፖዘቲቭ በኩል ያለው ቡናማ የእርሳስ ዳይኦክሳይድ፥ በኔጌቲቭ በኩል ያለው ግን ግራጫ መልክ ያለው፥ ቀዳዳ የበዛበት ንጹሕ እርሳስ ነው። የኤሌክትሪኩ ኀይል የሚመነጨው ከዚህ ከሁለቱ ባሕርያት ልዩነት ነው። ባትሪው በሠራ ቍጥር አሲዱ ከሁለቱም ሰሌዳዎች ጋር እየተዋሐደ ሁለቱንም ወደ አንድ ዐይነት ነገር፥ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለውጣቸዋል፤ አሲዱም እየሳሳ ወደ ውሃነት ይቀርባል፤ በዚህ ዐይነት ልዩነቱ ሲጠፋ ኀይሉም አብሮ ይጠፋል። ኀይል መልሶ በሚሰጠው ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለስና ሰልፌቱ ይፈርሳል፥ አሲዱም ወደ ፈሳሹ ይመለሳል፥ ሰሌዳዎቹም ጥንተ ባሕርያቸውን ይይዛሉ።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፥ ለባትሪ ሕይወት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምሥጢር ይገኛል። አዲስ የተፈጠረ ሰልፌት ደቃቅና ልል ስለሆነ በቀላሉ ይፈርሳል፤ ባትሪው ባዶ እንደ ሆነ ለሳምንታት ከተተወ ግን ያ ደቃቅ ነገር እየተሰበሰበ ወደ ትላልቅና ጠንካራ ቅንጣቶች ይለወጥና የሰሌዳውን ገጽ ይሸፍነዋል፤ ከዚያም በኋላ ቻርጅ ቢደረግ እንኳ ለመፍረስ እንቢ ይላል። ስለዚህ ባትሪን የሚገድለው ማገልገሉ ሳይሆን አገልግሎ ሲደክም ባዶውን መተዉ ነው፤ አንድ ሌሊት ባዶውን ያደረ ባትሪ በማግሥቱ ቢሞላ ጉዳቱ ኢምንት ሲሆን፥ ሐምሌንና ነሐሴን ባዶውን ከርሞ በመስከረም የሚሞላ ባትሪ ግን ቢሞላም ያው የቀድሞው ባትሪ አይደለም። የክረምቱን ጭቃና ዝናብ ሸሽተው ሞተር ብስክሌታቸውን በሸራ ሸፍነው የሚያቆሙ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ባትሪ የሚገዙበት ምክንያት በአብዛኛው ይኸው ነው። ባትሪ ማንም ሳይነካው እንኳ በራሱ ጊዜ በየወሩ ከኀይሉ ጥቂት በመቶ ያህል ስለሚያጣ፥ ሙቀት በበዛበት አገር ደግሞ ይህ ጥፋት ስለሚፋጠን፥ ለመኝታ የሚሰናዳ ሞተር ብስክሌት ባትሪው ሙሉ ሆኖ፥ የኔጌቲቭ ካቦውም ተፈትቶ ሊተኛ ይገባዋል።

ስለ ፍጆታው ደግሞ ጥቂት ሒሳብ እናድርግ፤ ሒሳቡ ከባድ አይደለም፥ የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው። በትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚገኘውን 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እናስብ። ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ 50 አምፔር ያህል ለ3 ሰከንድ ቢስብ፥ ከባትሪው የሚወሰደው 150 አምፔር ሰከንድ ነው፤ ባትሪው ግን ሙሉ ሲሆን የሚይዘው 18,000 አምፔር ሰከንድ ስለሆነ፥ አንድ ማስነሣት ከሀብቱ አንድ በመቶ እንኳ አይነካም ማለት ነው። ከዚህ ጋር 35 ዋት የሚፈጅ የፊት መብራት ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቢበራ 3 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፥ ያንኑ ባትሪ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያራቍተዋል፤ 5 ዋት ብቻ የሚፈጀው የኋላ መብራት እንኳ ሳይታወቅ ሌሊቱን ሲበራ ቢያድር ጎሕ ሲቀድ ባትሪውን ጨርሶ ያገኙታል። ሌባ እንዲከላከል ወይም ሞተር ብስክሌቱ ያለበትን እንዲያስታውቅ በኋላ የተገጠመ መሣሪያም፥ የሚስበው ከአንድ አምፔር መቶኛ እጅ ሁለት ብቻ ቢሆን፥ ሳያቋርጥ ስለሚስብ ከዐሥር ቀን በላይ የቆመን ሞተር ብስክሌት ባትሪ ያሟጥጣል። በጉልበት የሚወስደው ትልቁ ሞተሪኖ ንጹሕ ሆኖ፥ ጥፋተኛው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጠምጠው ትንሹ ሆኖ መገኘቱ ነው እንግዲህ የምርመራው ፍሬ ነገር።

የጥንቶቹ ሞተር ብስክሌቶች ግን ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነጻ ነበሩ። በሽቱትጋርት ከተማ በሮበርት ቦሽ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 ዓ.ም. ከፍተኛ ኀይል የሚሰጠውን ማግኔቶ ካበጀ ወዲህ፥ የማግኔት መዞር ብቻውን ለካንዴላው እሳት ስለሚፈጥርለት፥ ጋላቢው በእግሩ ረግጦ ወይም ገፍቶ ሞተሩን ካዞረው ባትሪ ኖረ አልኖረ ግድ አልነበረውም። በእግር መርገጥ ሰው የማያስደስተው ሥራ በመሆኑ በ1914 ዓ.ም. በአሜሪካ ኢንዲያን የተባለው ፋብሪካ ሄንዲ ስፔሻል የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ያለው ሞተር ብስክሌት አወጣ፤ የዘመኑ ባትሪዎች ግን ሥራውን ሊሸከሙት ስላልቻሉ ሞዴሉ ከዚያ ዓመት አላለፈም። ነገሩ ቈይቶ ሲመለስ፥ በ1960 ዓ.ም. ሆንዳ በትንሿ ሲ102 ላይ፥ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ሃርሊ ዴቪድሰን ኤሌክትራ ግላይድ በተባለችው ላይ የማስነሻ ቍልፉን ገጠሙት፤ ከዚያ ወዲህም ቍልፍ መጫን ሥርዓት ሆነ። በእኔ አስተያየት የእግር መርገጫው ከብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ጨርሶ መነሣቱ ማለፊያ ሥራ አልነበረም፤ ክብደቱ ጥቂት፥ ዋጋውም ርካሽ የሆነ፥ በገጠር መንገድ ላይ ግን አንድን የጤና ወይም የግብርና ሠራተኛ ከአዳር የሚያድን ብረት ነበርና።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ፤ የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮና ዐይን ነው። ቍልፉ ተከፍቶ ሳለ በመሪው ላይ ያሉት ምልክት መብራቶች ጨርሰው ካልበሩ፥ ጡሩምባውም ካልጮኸ፥ ባትሪው ፈጽሞ ባዶ ሆኗል፥ ወይም ፊውዙ ተቃጥሏል፥ ወይም ካቦው ተፈትቷል፤ ከእነዚህ ሦስቱ የሚቀለው የመጨረሻው ስለሆነ ከእርሱ መጀመር ይሻላል። መብራቶቹ በርተው ማስነሻውን ሲጫኑት አንዳች ነገር ካልተሰማ፥ ባትሪውን ከመወንጀል በፊት ድንገተኛ ማጥፊያው ተዘግቶ እንደ ሆነ፥ የጎን መቆሚያው ወርዶ እንደ ሆነ፥ ማርሹም ገብቶ እንደ ሆነ ማየት ይገባል፤ ብዙ ሞተር ብስክሌቶች ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ ወይም ማርሹ ባዶ ካልሆነ እንዳይነሡ ሆነው የተሠሩ ናቸውና። በዚህ ምክንያት ጋራዥ ድረስ ተገፍተው ሄደው፥ መካኒኩ አንዲት ቍልፍ ገልብጦ ያስነሣቸው ሞተር ብስክሌቶች ጥቂት አይደሉም፤ መካኒኩም ዋጋውን ተቀብሏል።

የሚሰማው ድምፅ ተከታታይ የሆነ ጠቅ ጠቅ ከሆነ ግን ምክንያቱን ማወቅ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ታላቅ ኀይል የሚከፍትና የሚዘጋ ሪሌ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ይህ ሪሌ ራሱ የሚፈልገው ኀይል ጥቂት ስለሆነ የደከመ ባትሪም ሊዘጋው ይችላል፤ በተዘጋ ቅጽበት ግን ሞተሪኖው ብዙ ኀይል ሊስብ ሲሞክር የባትሪው ቮልት ይወድቃል፤ ቮልቱ ሲወድቅ ሪሌውን የሚይዘው ኀይል ይጠፋና ይከፈታል፤ በተከፈተም ጊዜ ባትሪው ከሸክሙ ስለሚያርፍ ቮልቱ ይመለሳል፥ ሪሌውም መልሶ ይዘጋል፤ ይህም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። እንግዲህ ይህ ድምፅ የሚነግረን የባትሪውን መድከም ወይም የካቦውን መቆሸሽ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጧ ብሎ ዝም የሚል ከሆነና መብራቱም ካልደበዘዘ፥ ጥፋቱ ወደ ሪሌው ወይም ወደ ሞተሪኖው ያደላል፤ በዚህ ጊዜ ባትሪ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ቴስተር የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ የሚያንስ ሆኖ ሳለ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ የማይገዛው ለምን እንደ ሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቴስተሩን በቀጥታ ኤሌክትሪክ ላይ አድርጎ፥ ባትሪው ከቻርጅ ወይም ከጉዞ ተለይቶ ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ፥ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች በሁለቱ ዘንጎች ቢነኩ፥ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ያሳየ ግማሹን አጥቷል፤ 12 ያሳየ ሩብ ያህል ቀርቶታል፤ ከዚያም በታች የወረደ ወዲያው ካልተሞላ ይጠፋል። በቻርጅ ላይ ቈይቶ እንኳ 10.5 አካባቢ ላይ የሚቆም ቢሆን ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ፈጽሞ ጠፍቷልና፥ ያን ጊዜ ፍርዱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የዕረፍት ቮልት ብቻውን ታማኝ ምስክር አይደለም። ሰሌዳዎቹ በጠንካራ ሰልፌት የተሸፈኑበት ባትሪ፥ አፉ በጭቃ እንደ ተደፈነ እንስራ፥ በውስጡ ያለው ባያንስም ፈጥኖ ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህም ዕረፍት ላይ ሳለ 12.5 ያሳየና ማስነሻው ሲጫን ወደ 7 ወይም 8 የሚወርድ ይኖራል። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ9.5 በታች የማይወርድ ባትሪ ግን ደኅና ነው ለማለት ይቻላል።

ለካቦዎቹ የሚሆነው ፈተና ከዚህም ይረቅቃል፤ ባለሞያዎችም ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። አንዱን የቴስተር ዘንግ በራሱ በባትሪው እርሳስ ላይ፥ ሌላውን በእርሳሱ ላይ በታሰረው የካቦ ጫፍ ላይ አሳርፎ፥ ሌላ ሰው ማስነሻውን እንዲጫን ማድረግ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች በሚገባ ከተነካኩ ቴስተሩ ከምንም የማይቈጠር ነገር ያሳያል፤ ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ግን፥ በመካከላቸው ዐይን የማያየው ዝገት ወይም ነጭ ጨው ተቀምጦ ኀይሉን እየበላው ነው። እንዲሁም የኔጌቲቩ ካቦ ከሞተሩ ብረት ጋር በተያያዘበት ቦታ ይፈተናል። ማጽጃው የሞቀ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ከዚያም በብሩሽ ፈትጎ፥ አድርቆ፥ አጥብቆ አስሮ፥ ቫዝሊን መቀባት ነው። ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፥ ሲታሰር ፖዘቲቩ ይቀድማል፤ የሞተር ብስክሌቱ አካል ሁሉ ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፥ ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን የሚፈታ ሰው የያዘው ቁልፍ የሻንሲውን ብረት ቢነካ የባትሪው ኀይል ሁሉ በዚያ ቁልፍ በኩል ስለሚያልፍ እጅ ያቃጥላል።

ባትሪው መድከሙ ተረጋግጦ ጉዞው ግን የማይቀር ሲሆን ሦስት መንገዶች አሉ። የእግር መርገጫ ያለውና እሳቱን ከማግኔት የሚያገኝ ከሆነ ያለ ባትሪ በእግር ይነሣል። መርገጫ የሌለው ከሆነ ገፍቶ ማስነሣት ይቻላል፤ ቍልፉን ከፍቶ፥ መብራቱን አጥፍቶ፥ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፥ ፍሪሲዮኑን ይዞ እየሮጡ መግፋት፥ ወይም ቁልቁለት ካለ ወደዚያ መልቀቅ ነው፤ ፍጥነት ሲያገኝ ክብደቱን በኮርቻው ላይ ጣል አድርጎ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፥ ሞተሩ እንደ ተነሣም ወዲያው መልሶ መያዝ ነው። አንደኛ ማርሽ የማይመረጠው፥ ሞተሩን ለማዞር ከባድ ስለሆነና የኋላው ጎማ ተይዞ ስለሚንሸራተት ነው። በጭቃና በእርጥብ አስፋልት ላይ ይህን መሞከር ከባትሪ የከበደ ነገር ሊያስከትል ይችላል። ማርሽ የማይለወጥባቸው ስኩተሮች ፍሪሲዮናቸው ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ብቻ የሚይዝ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢገፉ አይነሡም፤ ነዳጃቸው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚመጣና በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዳዲሶቹም፥ ባትሪያቸው ጥቂት እንኳ ካልቀረው፥ መገፋት አይረዳቸውም፤ በዚህ ረገድ አሮጌው ካርቡራተር የተሻለ የመከራ ቀን ወዳጅ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከሌላ ባትሪ መበደር ነው። አበዳሪው መኪና ቢሆን ሞተሩ ጠፍቶ ሊቆይ ይገባል፤ የመኪናው ባትሪ ብቻውን ለዚህች ትንሽ ሥራ ከበቂ በላይ ነውና፥ የመኪናው ዲናሞ የሚሰጠውን ኀይል መጨመር ጥቅም የለውም። መጀመሪያ ቀዩ ካቦ ከደካማው ፖዘቲቭ ወደ ደኅናው ፖዘቲቭ፥ ቀጥሎ ጥቁሩ ከደኅናው ኔጌቲቭ ወደ ሞተር ብስክሌቱ ራቁት ብረት ይታሰራል፥ ከባትሪው ርቆ። የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ስለሚፈጥርና ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ ከአየሩ 4 በመቶ ያህል በሆነ ጊዜ በእሳት ሊፈነዳ ስለሚችል፥ ብልጭታው ከባትሪው አፍ ራቅ ማለት አለበት። ባለ 6 ቮልት የሆኑ አሮጌዎች ከባለ 12 ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን «ትንሽ ስነዳው ይሞላል» የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። የትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ዲናሞ በቀስታ ሲዞር የሚሰጠው ለመብራቱና ለካንዴላው እንኳ ይበቃል አይበቃም የሚባል ስለሆነ፥ በአዲስ አበባ የመኪና ሰልፍ መካከል ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ እየቆሙ መሄድ ባትሪውን ከመሙላት ይልቅ ያደክመዋል። ባዶ የሆነ ባትሪ ወጥቶ በቻርጀር በዝግታ መሞላት አለበት፤ ልኩም ከሚይዘው ኀይል ዐሥረኛው እጅ ነው፤ ለ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፔር፥ ጊዜውም ዐሥር ሰዓት ወይም ጥቂት የሚበልጥ። ከዚህ ላይ የማሳስበው አንድ ነገር አለ፤ ባትሪ ቻርጅ ማድረግን ሥራቸው ያደረጉ አንዳንድ ሱቆች የጭነት መኪናውንም የሞተር ብስክሌቱንም ባትሪ በአንድ ሰልፍ አቀጣጥለው ያስራሉ፤ በአንድ ሰልፍ በተያያዙት ሁሉ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እኩል ስለሆነ፥ ለጭነት መኪናው ልክ የሆነው 8 ወይም 10 አምፔር ትንሹን ባትሪ ያፈላዋል፥ ሰሌዳዎቹንም ያጣምማቸዋል። የእጅ መዳፍ ሊነካው እስከማይችል የሞቀ ባትሪ ወዲያው ከቻርጅ መላቀቅ አለበት። ክዳኑ የሚከፈት ዐይነት ከሆነ ፈሳሹ ከታችኛው መስመር በታች ሲወርድ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመራል፤ የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን ሰሌዳውን ይጎዳል፥ አሲድም አይጨመርም፤ የሚተንነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። የታሸጉትን ግን በካቻቢቴ ገልብጦ ለመክፈት መሞከር ማበላሸት ነው። ሊቲየም የተባሉት ደግሞ የራሳቸው ቻርጀር አላቸው።

ባትሪው ተሞልቶ ወይም ተለውጦ ሞተሩ ሲነሣ ነው እንግዲህ የገዳዩ ፍለጋ የሚጀመረው፤ አብዛኛው ሰው ግን በዚህች ሰዓት ደስ ብሎት ኮርቻውን ይዘጋል። ቴስተሩን በባትሪው ላይ እንዳለ ትቶ፥ መብራቱን አብርቶ፥ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 4,000 ወይም 5,000 ዙር ቢያስጮኹት፥ ቮልቱ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ሊቆም ይገባል። ከ13 በታች ከቀረ ዲናሞው፥ ወይም የዲናሞውን ኀይል ለባትሪው ወደሚስማማ ቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሬክቲፋየር አልሰጠም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ የቮልት መቆጣጠሪያው ልጓም ተፈቷልና ባትሪውን እየቀቀለው ነው፤ ፈሳሹ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ባትሪና በየጊዜው የሚቃጠል አምፑል የዚህ ምልክቶች ናቸው። በትንንሾቹ ላይ መቆጣጠሪያውና ሬክቲፋየሩ በአንድ ክንፋም የአሉሚኒየም ዕቃ ውስጥ የተዋሐዱ ሲሆኑ፥ በብዙዎቹም ላይ ይህ ዕቃ የተረፈውን ኀይል ወደ መሬት እየመለሰ ሥራውን ስለሚሠራ በጣም ይሞቃል፤ ስለዚህም ነፋስ ከሚያገኝበት ቦታ ላይ አንሥቶ በጨርቅ ወይም በዕቃ መጫኛ የሸፈነው ሰው ራሱ ገዳዩን አሳድጎታል። ባትሪውን አውጥቶ ያለ ባትሪ መንዳትም ይህንኑ ዕቃና አምፑሎቹን ለጥፋት ይዳርጋል።

ቮልቱ ልክ ሆኖ ከተገኘ የሚቀረው ተጠርጣሪ ሌሊት የሚስበው ነው። ሞተሩና ቍልፉ ጠፍተው ሳሉ የኔጌቲቩን ካቦ ፈትቶ፥ ቴስተሩን በአምፔር ላይ አድርጎ በካቦውና በባትሪው መካከል ማግባት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ማስነሻውን መንካት ቴስተሩን ያቃጥላል። የሚታየው ቍጥር ከአንድ አምፔር ሺኛ እጅ ጥቂቶቹ ከሆነ ሰላም ነው፤ ከዚያ በብዙ ከበለጠ ፊውዞቹን ወይም በኋላ የተገጠሙትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ እየነቀሉ፥ ቍጥሩ የወረደበትን መያዝ ነው። ስልክ ለመሙላት ተብሎ ከባትሪው ጋር በቀጥታ የታሰረው መሣሪያ በዚህ ፍለጋ ላይ ደጋግሞ እጅ ከፍንጅ የሚያዝ ነው፤ ከቍልፉ በኋላ ባለው መስመር ላይ ቢታሰር ግን ቍልፉ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በእውነት የሞተው ባትሪ የት ይድረስ የሚለው ደግሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሴኔጋል፥ በዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር፥ ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያወጡ ይሸጡ ነበርና፥ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ፤ ምርመራውም የእርሳስ መርዝ መሆኑን አመለከተ። ልጆቹ ባትሪ አልነኩ ይሆናል፤ አፈሩ ላይ የተበተነውን ብናኝ መተንፈስና በእጅ ወደ አፍ ማድረስ ግን ይበቃል። ስለዚህ አሮጌ ባትሪ በግቢ ውስጥ አይፈታም፥ እርሳሱ በከሰል ምድጃ ላይ አይቀልጥም፥ አሲዱም በቱቦ ወይም በአትክልት ቦታ ላይ አይደፋም፤ ሣጥኑ እንደ ተዘጋ፥ ወደ ላይ ቀንቶ፥ አሲድ በማይበላው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ፥ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቆያል፤ አዲሱ በሚገዛበት ቀንም አሮጌውን ተቀብሎ ከነሙሉ አካሉ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ለሚልክ ነጋዴ ይሰጣል፤ ብዙ ነጋዴዎችም ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀንሱለታል።